ሽሮዬ የተከሰሰበት ጾም

የባሌ ከንፈር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያብጥ ያየው ሰው ሁሉ «ምች ነው» አለ። እኔም ምች ነው አልኩ። ሁዳዴ ከገባ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር። እሱ እንደ ልማዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ ከሱቁ መጣ፣ እጁን ታጠበ፣ ገበታ ቀረበ፣ ሽሮውን አራት አምስት ጊዜ ከጎረሰ በኋላ ከንፈሩን ማከክ ጀመረ። እያየሁት የላይኛው ከንፈሩ ተነፍቶ አፍንጫው ሥር ደረሰ። ዳማከሴ ጨምቄ ቀባሁት፣ አሸተትኩትም። ተኝቶ ሲነሣ እብጠቱ ጎድሎ ነበር። ለጎረቤቱ ሁሉ ዳማከሴዬ ፈዋሽ ነው እያልኩ ስጎርር ሰነበትኩ።

ጉራዬ ብዙ ነው፣ አልደብቅም። ከሁሉም የሚበልጠው ግን በሽሮዬ ያለኝ ነው። መርካቶ፣ በርበሬ ተራ አካባቢ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታስቆም ሱቅ አለችኝ። እዚያች ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ ምጥን ሽሮና በርበሬ ሸጫለሁ። ሽንብራውን ጎጃም በረንዳ ካሉ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ እገዛለሁ። ለቅሜ፣ አጥቤ፣ ገንፈል አድርጌ፣ አስጥቼ፣ ቆልቼ፣ ከክቼ፣ ቅመሙን መጥኜ ወፍጮ ቤት እስካደርሰው ድረስ የሌላ ሰው እጅ አይነካውም። ሰው ቀጥሬ ማሠራት አቅቶኝ አይደለም፤ ከራሴ እጅ ሌላ ስለማላምን ነው። የሠርግ አብሳዮች ወር ቀድመው ቀጠሮ ይዘው የሚወስዱት ሽሮ ነው።

ባሌ ሲኒማ ራስ አጠገብ ብርድ ልብስ ይሸጣል። የጽዋ ማኅበራችን ሙሴ ነበር። ሙሴ ማለት የማኅበሩ አለቃ ነው፤ የተጣላ ያስታርቃል፣ ያጠፋ ይገሥጻል። በጾም ጉዳይ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። በስድስት ሰዓት የሚበላ ሰው ሲያይ ፊቱን ያዞራል። በሁዳዴ እኔ ፊት ትንሽ ብቻ ይቀምስና «ጾሙ አንጀቴን ዘግቶታል» ብሎ ይነሣል። እኔም እንዲህ ያለ ባል ስለሰጠኝ እግዚአብሔርን አመሰግን ነበር። አሁን ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ሁለተኛው ቀን ምች አልነበረም። ሁዳዴ ሲጋመስ፣ አንድ ሐሙስ፣ እንደዚያው በዘጠኝ ሰዓት፣ ላብ አጥምቆት መጣ። ሁለት ሦስቴ እንደጎረሰ ብድግ ብሎ ቆመ። አንገቱና ደረቱ ላይ ሽፍታ ወጣ፤ ወዲያው ሽፍታው ተያይዞ አለንጋ ያረፈበት ይመስል ቆዳው ሰምበር በሰምበር ሆነ። ድምፁ ሻከረ። «ጉሮሮዬን ያዘኝ» አለና አንገቱን በሁለት እጁ ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ከሱቄ ቀጥሎ የፕላስቲክ ዕቃ የምትሸጥ የወሎ ሙስሊም ጎረቤት አለችኝ፤ ግቢያችንም አንድ ነው። ጩኸቴን ሰምታ ባዶ እግሯን መጣች። «ያ አላህ፣ ያ አላህ» እያለች ደግፋልኝ ታክሲ ውስጥ ከተትነው። መርካቶ ሐሙስ ከሰዓት መኪና አያሳልፍም። ተሸካሚው፣ ጋሪው፣ አይሱዙው መንገዱን ዘግቶታል። ሹፌሩ ጥሩምባውን ሲነፋ ማንም ዞር ብሎ አያየንም። ባሌ ጭንቅላቱን ትከሻዬ ላይ ጥሎ አየር በሳበ ቁጥር የሚያፏጭ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ሞተብኝ አልኩ። በልቤ አይደለም፤ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ነርሱ አልጋው ላይ ሳያስተኛው በፊት «ዛሬ ምን በሉ?» አለው።

«ሽሮ።»

«ሌላስ? ከጠዋት ጀምሮ ማንኛውንም ነገር ይንገሩኝ።»

«ጾም ነው... ሽሮ ብቻ።» ይህችን ለማለት ሁለቴ አየር ስቧል።

ጭኑ ላይ መርፌ ወጉት። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ፉጨቱ ቀነሰ፤ ሰምበሩም እየደበዘዘ ሄደ። እኔ እግሩ ሥር ቆሜ አለቅሳለሁ። ነርሱ ወደ እኔ ዞሮ «ሽሮው ውስጥ ምን ምን አለበት?» አለኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ ሰው ሲጠይቀኝ ደስ እያለኝ ነበር የምመልሰው። ያን ቀን እንደ ሌባ አንገቴን ደፍቼ ዘረዘርኩለት።

ከዚያ ወደ አለርጂ ሐኪም ላኩን። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ልጄ ልትሆን ምንም አይቀራት። እኔ መርፌና ማሽን ስጠብቅ እሷ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ጨዋታ ጀመረች። የሰው ቃል ዝም ብላ አትቀበልም። ባሌ «ጨጓራዬም ተነሣብኝ» ሲላት፣ «ጨጓራ የሚለውን ለጊዜው ይተዉትና የተሰማዎትን ይንገሩኝ። አቃጠለዎት? ቆረጠዎት? አቅለሸለሸዎት?» ትለዋለች። «ጉሮሮዬን ያዘኝ» ሲላት፣ «ምራቅ መዋጥ ነው ያቃተዎት ወይስ አየር ማስገባት?» ትለዋለች። ከንፈሩ ነው ወይስ ሽፍታው የቀደመው? ከጎረሱ በኋላ ምን ያህል ቆየ? ያንኑ ምግብ በሌላ ቀን በልተው ምንም ሳይሆኑ ቀርተው ያውቃሉ? እኔ እንዲህ ያለ ሐኪም አይቼ አላውቅም። የማውቃቸው ሐኪሞች አፌን ከፍቼ ሳልጨርስ መድኃኒቱን ጽፈው የሚሰጡኝ ናቸው።

«በጾሙ ውስጥ እንቁላል፣ አሳ፣ የወተት ነገር ቀምሰዋል? በስሕተትም ቢሆን» አለችው።

«በሁዳዴ?» አለ ባሌ። እናቱ እንደተሰደበችበት ሰው ነበር ያያት። ልጅቷ ደንግጣ ይቅርታ ጠየቀች። እኔም አልቀረሁባት፤ «የማኅበር ሙሴ እኮ ነው!» ብዬ ተቆጣኋት።

አንድ ነገር ግን ከንክኖኝ ስለነበር ተናገርኩ። «ዶክተር፣ ከሁዳዴ ውጭም ረቡዕና ዓርብ ይህንኑ ሽሮ ይበላል። አንድም ቀን ምንም ሆኖ አያውቅም» አልኳት። ቀና አለች። ባሌ ከአፌ ነጠቀኝና «ያኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆዴን አልውልም። ደግሞ ትንሽ ነው የምቀምሰው» አላት። የሚቀምሰው በሁዳዴ ነው። ዓርብ ዓርብ ሳህኑን ጠርጎ ነው የሚነሣው። ይህን ልናገር አልኩና ባሌን በሰው ፊት ማሳጣት ሆኖ ታየኝ። ተውኩት። ሐኪሟ ግን የኔንም ቃል ስትጽፍ አየሁ።

ከዚያ ክንዱ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት እያደረገች የምግብ ጠብታ አንጠባጠበችና በያንዳንዱ ላይ በቀጭን መርፌ ጫር ጫር አደረገች። የሽንብራ፣ የአተር፣ የባቄላ፣ የሰሊጥ፣ የስንዴ። እበላለሁ ያለውን ብቻ ነው የመረመረችው። ሩብ ሰዓት ጠበቅን። ሽንብራው ጋ ትንኝ የነከሰችው የምታህል እብጠት ወጣች። ባሌ እብጠቷን አየና «ይኸው!» አለ። ደስ ያለው መሰለኝ።

«ይህች ብቻዋን ብዙ አትናገርም» አለች ሐኪሟ። «ሰውነትዎ ሽንብራን ያውቀዋል ማለት ነው። ይጣላዋል ማለት ላይሆን ይችላል። እብጠቷ ትርጉም የሚኖራት እርስዎ ከሚነግሩኝ ታሪክ ጋር ስትገጥም ነው።» እሱም ታሪኩን እንደገና ነገራት። ሽሮ በላሁ፣ አበጥኩ። ሽሮ በላሁ፣ ልሞት ነበር። ከእብጠቷ ጋር ልክ ገጠመ። እስከ ቀጠሮው ድረስ ሽሮና ሽንብራ እንዳይቀምስ፣ ከዚያም ሁሉ በፊት እንደገና ቢያመው ጭኑን የሚወጋበት መርፌ ሰጥታ ከኪሱ እንዳይለያት አዘዘችን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የማኅበራችን ቀን ደርሶ ተራው በሆነው አባል ቤት ተሰበሰብን። ባሌ ከሞት እንዴት እንደተረፈ ሲያወራ ሰው ሁሉ ወንበሩን አስጠጋ። መጨረሻ ላይ «የሚስቴ ሽሮ ሊያስቀብረኝ ነበር» ብሎ ሳቀ። ሰውም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? ያ ሳቅ በርበሬ ተራ ለመድረስ ሁለት ቀን አልፈጀበትም። የሠርግ አብሳዮቹ አንድ በአንድ «እትዬ፣ ለዚህኛው ድግስ ይቆየን» ማለት ጀመሩ። አንዷ ፊቴን ላለማየት በሌላኛው መንገድ ዞራ ስትሄድ አየኋት። የሰው ባል የጣለ ሽሮ ለሙሽራ ማን ያቀርባል? አልፈርድባቸውም። እኔም በነሱ ቦታ ብሆን አልገዛም ነበር።

ጎረቤቴ ብቻ ከኔ ጋር ቆመች። እኔና እሷን ሥጋ እንጂ ሽሮ አይለየንም። በምሳ ሰዓት ሱቄ ደፍ ላይ፣ መንገደኛው በሚያይበት ቦታ በርጩማ ስባ ተቀምጣ የኔን ሽሮ ትበላለች። «አብሽሪ እህቴ፣ አለመሞቴን ይዩት» ትለኛለች። እስቃለሁ። ቤቴ ገብቼ ግን አለቅሳለሁ፤ ምክንያቱም እኔ ራሴ በእጄ ላይ እምነት አጥቼ ነበር። ማሰሮዎቼን በፈላ ውኃ አጥቤ ጨረስኩ። ወፍጮ ቤት ቀየርኩ። ከኮረሪማው ይሆን? ከነጭ አዝሙዱ? አንድ ሙሉ ጆንያ የተቆላ ሽንብራ አውጥቼ ጣልኩ። ሌሊት ከጎኑ ተኝቼ ትንፋሹን አዳምጣለሁ። ሚስት መርዝ ቀምማ ባሏን እንዳበላች የሚታየኝ ጊዜ ነበር።

«ሽንብራው ውስጥ ጓያ ተቀላቅሎ ይሆናል» አለኝ አንድ ቀን። ይህን ያለኝ እሱ ነው፣ ባሌ። እኔ በራሴ አልመጣልኝም። ጓያ ሰው እንደሚያሽመደምድ ማንም ያውቃል። ሐኪሟ ስለ ጓያ አንድ ቃል አልተናገረችም። እኔ ግን ጥፋቱን ከእጄ ላይ የሚያነሣልኝ ነገር በማግኘቴ ዘልዬ ያዝኩት። በማግሥቱ ከባሌ ጋር ጎጃም በረንዳ ሄድን።

ሽማግሌው ነጋዴ የኛው ማኅበር አባል ናቸው። ሲያዩን ብድግ ብለው ወንበር አቀረቡ። እኔ ግን አልተቀመጥኩም። አፌ ያመጣውን ሁሉ ተናገርኩ። ጓያ ቀላቀሉብኝ፣ ባሌን ሊገድሉት ነበር፣ በሸመገሉበት ዕድሜ እግዚአብሔርን አይፈሩም ወይ አልኳቸው። ተሸካሚዎቹ ጆንያ እያወረዱ ከበቡን። ሽማግሌው ከተከፈተው ጆንያ እጃቸውን ሞልተው ሽንብራ ዘገኑና ወደ ባሌ ዘረጉለት።

«እኔስ ዓይኔ ደክሟል። አንተ እየው እስቲ። ጓያ ካለበት አሳየኝ» አሉት።

ባሌ ሽንብራውን በሌባ ጣቱ ነካ ነካ አደረገ። ሁሉም ሰው እሱን ነው የሚያየው። «እኔ ምን አውቃለሁ» አለ። እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። ከዚያ ቀን በኋላ ከሳቸው መግዛት አቆምኩ፤ በማኅበርም ቀን ከሳቸው ጎን መቀመጥ ተውኩ።

ፋሲካ ሆነ። ጾሙ ተፈታ። ሃምሳው ቀን ረቡዕም ዓርብም ስለማይጾም ቤታችን ሥጋ በሥጋ ሆነ። ባሌ አንድ ቀን እንኳ ከንፈሩን ሳያክክ ወፈረ፣ ፊቱ ወዛ። «አየሽ፣ ሽሮውን ከተውኩ ወዲህ» ይለኛል ሆዱን እያሻሸ። ሰውም ያየው ይህንኑ ነው። የሽሮዬ ነገር አበቃለት። አንድ ጊዜ ሱቋን አከራይቼ ቁጭ ለማለት አስቤ ከደላላ ጋር ሁሉ ተነጋግሬ ነበር።

ሃምሳው ሳያልቅ ቀጠሯችን ደረሰ። ሐኪሟ የድሮውን ወረቀት ገልጣ ወደ ባሌ ሳይሆን ወደ እኔ አየች። «ባለፈው ስለ ረቡዕና ዓርብ የነገሩኝ ነገር አልተዋጠልኝም። አንድ ሰው ምግቡ የማይስማማው ከሆነ ወር እየመረጠ አይታመምም። እዚሁ፣ መርፌው በእጃችን ሆኖ፣ ያንኑ ሽሮ ትንሽ በትንሹ ብናበላቸውስ?» አለች።

«ምን አስፈለገ? ትቼዋለሁ፣ ደህና ነኝ» አለ ባሌ።

«ለኔ ያስፈልገኛል» አልኩ። ባሌ እንዲህ በቁጣ ስናገር ሰምቶኝ ስለማያውቅ ዞር ብሎ አየኝ። «ስሜ ነው። ሃያ ዓመቴ ነው። አንተ ትተኸው ልትኖር ትችላለህ፤ እኔ ግን ልተወው አልችልም።» እሺ ያለው ሦስት ቀን ካኮረፍኩት በኋላ ነው።

በቀጠሮው ቀን ሽሮውን ራሴ ሠርቼ፣ በምሳ ዕቃ ጠቅልዬ ይዤ ሄድኩ። ዘይቱ፣ ሽንኩርቱ፣ ሁሉም የዚያን ሐሙሱን እንዲመስል አደረግኩ። ነርሷ መጀመሪያ በሻይ ማንኪያ ጫፍ አቀመሰችው። ግፊቱን ለካች፣ ደረቱን አዳመጠች፣ ጠበቅን። ቀጥሎ ግማሽ ማንኪያ። ጠበቅን። ከዚያ ሙሉ። እኔ ከፊቱ ተቀምጬ ከንፈሩን አፈጥበታለሁ። ከንፈሩን እንደዚያ ትኩር ብዬ ያየሁት በሙሽርነታችን ጊዜ እንኳ አይመስለኝም። በመጨረሻ አንድ ሙሉ ሳህን ቀረበለት። ጠርጎ በላው። ሁለት ሰዓት ቆየን። አንድ ጊዜ አገሣ እንጂ ምንም አልሆነም።

«ሽሮው ነጻ ነው» አለች ሐኪሟ።

እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ዕቃዬን መሰብሰብ ጀምሬ ነበር። እሷ ግን ወንበሯን ወደ ባሌ አስጠግታ ተቀመጠች። «ጋሼ፣ እንግዲህ እንደ አዲስ እንጀምር። ያን ሐሙስ ከእንቅልፍዎ ከተነሡበት ይጀምሩልኝ። አፍዎ ውስጥ የገባውን ሁሉ» አለችው።

ባሌ እኔን አየ፣ መሬቱን አየ። «እሷ ትውጣ» አለ።

ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጥኩ። ሌላ ሴት አለችው አልኩ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ሴትዮዋን በዓይነ ኅሊናዬ ሣልኳት፤ ቀሚሷን፣ ጉትቻዋን፣ የምትሠራለትን ወጥ ሳይቀር። በር ተከፍቶ ስጠራ ለዚያች ሴት የሚሆን ስድብ በአፌ ሞልቶ ነበር። ገብቼ ሳይ የባሌ ክንድ ላይ አንዲት አዲስ ምልክት ነበረች፤ እሷ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል እብጠት ቀልቶ ተቆልሏል። የሽንብራዋ እብጠት ከዚህች ጋር የምትወዳደር አልነበረችም።

«ራሳቸው ቢነግሩዎት ይሻላል» አለች ሐኪሟ። «እንደገና ቢያማቸው የሚያደርሷቸው እርስዎ ስለሆኑ ማወቅ አለብዎት አልኳቸው።»

«አሳ ነው» አለ ባሌ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሥዕል እያየ።

ሰው በማያውቀው ሰፈር፣ ፒያሳ አካባቢ፣ አንድ አሳ ቤት ነበር። በስምንት ሰዓት ይገባል፣ በጓሮ በኩል ባለችው ክፍል ይቀመጣል፣ የተጠበሰ አሳውን በልቶ በዘጠኝ ሰዓት እኔ ዘንድ ይደርሳል። ከዚያ እጁን ታጥቦ የጾመኛ ምሳውን በልኩ ይቀምሳል። አሳ የሚበላው በሁዳዴ ብቻ ስለሆነ የታመመውም በሁዳዴ ብቻ ነው። ሐኪሟ እንዳለችው፣ ሲስማማ የኖረ ምግብም አንድ ቀን ድንገት ሊጣላ ይችላል። ጾሙ አንጀቱን የዘጋው መስሎኝ ስመርቀው የከረምኩት በአሳ የጠገበን ሆድ ነው።

ሐኪሟ አልተቆጣችም። ድክም ብሏት ነበር። «እኔ የማክመው የነገሩኝን ሰው ነው፣ ጋሼ። የነገሩኝ ሰው እርስዎ አልነበሩም» አለችው።

ታክሲ ውስጥ ጨጓራው ጾሙን አልችል እንዳለው ነገረኝ። ለንስሐ አባታችን ቢናገር እኮ ይፈቅዱለት ነበር፤ ለስንቱ በሽተኛ ፈቅደዋል። ለኔ ቢነግረኝ እኔው ራሴ አሳውን እጠብስለት ነበር፣ መጋረጃውን ዘግቼ። «የመጀመሪያው ቀን እኔም ሽሮው ነው ብዬ ነበር» አለኝ። «በሁለተኛውስ?» አልኩት። በመስኮት ወደ ውጭ አየ። ሰፈራችን ልንደርስ ስንል ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለሰው ሽንብራ ቀይሬያለሁ በዪ። በቃ፣ ነገሩ ይረሳል» አለኝ። የሽማግሌው እንደተዘረጋ የቀረው እጅ ያኔ ነው ዓይኔ ላይ የመጣው።

በማግሥቱ ብቻዬን ጎጃም በረንዳ ሄድኩ። ሽማግሌው ሲያዩኝ አልተነሡም። ተሸካሚዎቹ በነበሩበት፣ በዚያው ቦታ ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩና «ጋሼ፣ በድዬዎታለሁ። ጓያ አልነበረበትም። ሽሮውም አልነበረም» አልኳቸው።

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው?» አሉ።

መንገዱን ሙሉ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ ሳዘጋጅ ነበር የመጣሁት። ሐኪሞቹ አላወቁትም ልላቸው አስቤ ነበር። ፊታቸውን ሳይ ግን አፌ አልታዘዝ አለኝ። «አሳ» አልኳቸው።

«በሁዳዴ?»

«በሁዳዴ።»

«አምና በስኳር ሕመሜ የተነሣ አሳ ብበላ እኔን በማኅበሩ ፊት አስነሥቶ ገሥጾኛል» አሉ። እኔ ያን ቀን ታምሜ ከማኅበር ቀርቼ ነበር። ባሌም ሲመለስ አልነገረኝም። ሽማግሌው አንድ ቁና ሽንብራ አስሰፍረው ይዤ እንድሄድ ሰጡኝ፤ እንዲሁ ነው የሰጡኝ።

የሚቀጥለው የማኅበር ቀን እኔ አልሄድኩም። ባሌ ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። ሙሴነቱን አስረክብ ብለውታል፤ ማንም አልጮኸበትም፣ ይህ የባሰ ነው አለኝ። ከዚያ ጣቱን ቀስሮ «አሳልፈሽ ሰጠሽኝ። የገዛ ሚስቴ! በአንድ አልጋ ተኝተን አሳልፈሽ ሰጠሽኝ» አለ። እንባ ነበረው። ባሌ ሲያለቅስ ያየሁት አባቱ የሞቱ ቀን ብቻ ነው።

ልለው የምችለው ብዙ ነበር። ስለ ሽሮዬ፣ ስለ ሱቋ፣ ስለ ሽማግሌው። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው። «ነርሱ ምን በሉ ሲልህ ትንፋሽህ እያለቀ ሽሮ ብለሃል። ያኔ ሞተህ ቢሆን ኖሮስ? ለእናትህ ምን እላቸው ነበር? ልጆችህ ዕድሜያቸውን ሙሉ አባታችንን እናታችን ናት የገደለችው እያሉ ነበር የሚኖሩት። ከነሱም ይልቅ እኔ። እኔም አምን ነበር። ጥቁሬን ሳላወልቅ፣ በየዓመቱ መቃብርህ ላይ ወድቄ ይቅር በለኝ እልህ ነበር። አንተ ይህን እያወቅህ ነው ሽሮ ያልከው» አልኩት።

እንባውን በመዳፉ ጠረገ። የነገርኩትን አስቦበት፣ መዝኖት፣ እንደተበደለ ሰው አየኝ።

«አልሞትኩም እኮ» አለ።

የሚጨምረው ነገር ይኖራል ብዬ ቆሜ ጠበቅኩት። ጫማውን አውልቆ ወደ ጓዳ ገባ።